ከእናትሽ ራስጌ ያነሣኋቸው ሁለት ድንጋዮች

ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከቡሬ ገጠር

ለልጄ ለንጋት ረዳ
ፊንላንድ አገር

ልጄ ንጋት፣ ከሰላምታው በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ይህ ወረቀት እጅሽ የገባው ምሥራቅ መርዶሽን ካረዳችሽ በኋላ መሆን አለበት። ምሥራቅ የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ናት፤ እዚያው አንቺ ካለሽበት ከተማ ነርስ ናት፤ ለፋሲካ ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታ ነው ያገኘኋት። ያገራችሁን ልጆች ሰብስባ፣ በጧት በርሽን አንኳኩታ፣ ካስቀመጠችሽ በኋላ እንድትነግርሽ አደራ ብያታለሁ። ሳታረዳሽ ሰጥታሽ እንደሆነ ግን እዚህ ላይ አቁሚ። ወረቀቱን አጥፈሽ መልሽላት። ሰው ትጥራ፤ በደንቡ ትንገርሽ።

እናትሽ አስካለ ከሞተች ሰባት ወር ሆናት። መስከረም ሃያ ሦስት ቀን ነው። በገብርኤል ደብር፣ ከእናቴ ጎን ተቀብራለች።

የሚጽፉልኝ የንስሐ አባታችን ቄስ ሀብተሚካኤል ናቸው። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ይዣቸው መጣሁ። ቃሌን ሳያለሰልሱ እንዲጽፉ ይማሉልኝ ብላቸው ቄስ አይምልም አሉኝ። እንግዲያው ቃል ይግቡልኝ አልኩ፤ ገቡ። ስለዚህ የምታነቢው ከአፌ የወጣውን ነው። የሚጎረብጥ ነገር ካገኘሽ የእሳቸው አይደለም፤ የኔ ነው።

አሁን ወደ ድንጋይሽ። ከጥር ጀምሮ በደወልሽ ቁጥር «አባዬ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ተገኘ?» ትያለሽ። አንድ ጊዜ ጆንያው ከጎታው ሥር ነው፣ የሚያነሣልኝ ሰው የለም አልኩሽ። አንድ ጊዜ የሚወስድ መንገደኛ ጠፋ አልኩሽ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ጉልበቴን አሞኛል አልኩሽ። ሁሉም ውሸት ነው። ድንጋዮችሽ፣ አሥራ ዘጠኙም፣ የእናትሽ መቃብር ላይ ናቸው። የደረደርኳቸውም እኔ ነኝ።

አባ ሀብተሚካኤል ቀና ብለው «ይህን ቀስ አድርገን ብናመጣው አይሻልም ነበር?» አሉኝ። ሰባት ወር ቀስ ብያለሁ አባ። ይጻፉ።

የቀብሯ ዕለት እንዲህ ነበር። ከደጃችን ዳስ ተጥሏል፤ ለቀስተኛው ሞልቷል። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። መጣና ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ሰውነት አነሣና «ንጋት ናት» አለ። ዳሱ ጭጭ አለ። ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ አፉን በጋቢው ያዘ።

«አባዬ! ደኅና ነዎት? ስንት ቀን ሞከርኩ መሰለዎት! ድንጋዮቼ እንዴት ናቸው? ዝናቡ ቤት ገብቶ ጆንያውን እንዳያበሰብሰው።»

«ደኅና ናቸው።»

«ቁጥራቸው እንዳይለቅ አደራ። እማዬስ?»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ደክሟት ነው።»

«እንግዲያው አይቀስቅሷት። ሳሙልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሴቶቹ የያዙትን ለቀቁት። እኔ አላለቀስኩም። ከእናትሽ በፊት ድንጋይሽን ጠየቅሽ፤ ይህን አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

አባ ሀብተሚካኤል አሁንም እስክሪብቷቸውን አቆሙ። «አያ ረዳ፣ ልጅቱ ምን አውቃ?»

ምንም አላወቀችም። ቢሆንም ይጻፉ። ሰው የተሰማውን ሁሉ የሚሰማው በፍርድ አይደለም።

ለምን አልነገራችሁኝም ትያለሽ። መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚህ ቢሆን አንዷ ወገብሽን ትይዛለች፣ አንዷ ውኃ ታመጣለች፣ መሬት ላይ ብትወድቂ የሚያነሣሽ አለ። እዚያ በረዶ መሃል፣ ስልክ በእጅሽ ይዘሽ ብቻሽን ቆመሽ ብትሰሚው ማን ይይዝሻል? የሚያረዳሽ ሰው እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። እስከዚያም እማዬስ ባልሽኝ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ገበያ ናት እልሽ ነበር። አጎትሽ ባምላኩም፣ አባ ሀብተሚካኤልም ተስማሙበት። ለሰው የምናገረው ምክንያት ይህ ነው። እውነትም ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም።

አሁን ድንጋዩ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ላንቺ ሳይሆን ለሚጽፉት፤ የጠፋውን ነገር ሳያውቁ እንዳይጽፉት። በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ጥር ላይ ከፊንላንድ መጥተሽ ዓባይ በረሃ ወረድን። አንቺ፣ እኔና አህያዋ። ከቡሬ በነቀምት መንገድ፣ ወንዙን ሳንሻገር፣ በዚህኛው በኩል ዘጠኝ ቀን። ያኔ በዚህ በኩል ሰላም ነበር። አንቺ መዶሻሽን ይዘሽ እያየሽ፣ እኔ እየመታሁ። አርባ ዓመት የወፍጮ ድንጋይ የጠረብኩ ሰው ነኝ። ከጅጋ እስከ ቡሬ የሞተር ወፍጮ ሲደነዝ የሚጠራው ረዳ ነው። አንዴ መትቼ፣ ድምፁን ሰምቼ፣ ውስጡ ስንጥቅ እንዳለ እናገራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳትገቢ ድንጋይ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ይህ በምርምር ወረቀትሽ ላይ ተጽፎ እንደሆነ አላውቅም።

ከሾላ ጥላ ሥር ተቀምጠን «ይኼ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩሽ።

«ሰባት መቶ ሚሊዮን ግድም።»

«የነዚያስ? የፊንላንዶቹ?»

«ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሚሊዮን።»

«የኛው ጨቅላ ነዋ!»

«ጨቅላ ነው፣ አባዬ» ብለሽ ሳቅሽ። ባገሬ ድንጋይ ተሳቀ ብዬ እስከ ማግሥቱ አላናገርኩሽም።

አባ ሀብተሚካኤል ይህን አልጽፍም አሉ። «ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ሰባት ዓመት ነው፤ ሚሊዮን የሚባል የለም።» እኔ የማወራው ልጄ ያለችኝን ነው አባ፤ ኃጢአት ከሆነ በንስሐ ይዤው እመጣለሁ። ይጻፉት።

ቤት በገባን ዕለት ለእናትሽ አስረዳሻት። እሷ አረቄ እያወጣች ነበር። እንዲህ አልሻት፦ በምድር ሆድ ውስጥ ያለው ድንጋይ ከባድ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ማግኒዥየም የሚባል ነገር ሞልቶበታል። እሱ ሲቀልጥ የሚወጣው ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ አገራችንን ከላይ ያለበሳት ዓይነት። ጥቁሩ ድንጋይ ደግሞ ውኃ ይዞ እንደገና ሲበስል ነጣ ያለው፣ ቀላሉ ይወጣል። የብስ ጸንቶ የሚቆመው በዚያ በቀላሉ ነው። በተደጋገመ ቁጥር ማግኒዥየሙ ከታች እየቀረ ይሄዳል።

እናትሽ ከእሳቱ ዞር ሳትል «ይኼማ አረቄ ነው» አለች። «መጀመሪያ የሚወርደው ተራው። እሱን መልሰሽ ስታወጪው ዳግም። አተላው ከታች ይቀራል።»

«አዎ እማዬ! ልክ እንደሱ!»

«ታዲያ ይህን ለማወቅ ፊንላንድ ምን አስኬደሽ? እኔን ብትጠይቂኝ አልነግርሽም ነበር?»

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ አንቺ «የኔ ድንጋይ ግን ደንቡን ያፈርሳል» አልሻት። «እንደ ሆዱ ድንጋይ ማግኒዥየሙ ብዙ ነው። ግን ከላይኛው ምድር ብቻ የሚገኘው ጨውም አለበት። የታችና የላይ በአንድ ድንጋይ እንዴት ተገናኙ?»

እናትሽ ማማሰያዋን ይዛ ጥቂት አሰበች። «ዳግሙ ተመልሶ ድፍድፉ ላይ ተደፍቶበታል» አለች።

ተነሥተሽ አገላብጠሽ ሳምሻት። ነገሩ ያ ነበር። የጥንቱ የባሕር ወለል ከነጭቃው፣ ከነውኃው ወደ ታች ሰምጦ፣ ጭማቂው የምድር ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ያ የተነካካው ሆድ ኋላ ቀልጦ ሲወጣ ነው እንዲህ ያለው ድንጋይ የሚወለደው። ስለዚህ እሱ በተገኘበት ዘመን ምድር ምድርን መዋጥ ጀምራለች ማለት ነው። ከሦስት ሺህ ሚሊዮን ዓመት ወዲያ የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ባንዱም ባንዱም አገር ብቅ ብቅ አለ። ምድር አሠራሯን የለወጠችበትን ጊዜ የሚናገር ሌላ ምስክር እምብዛም የለም አልሽን። የኛን ጨቅላ ከነዚያ ሽማግሌዎች ጎን አቁመሽ አበሳሰላቸው አንድ መሆኑን ማየት ፈለግሽ።

ምድር ምድርን ትውጣለች ስትይን አዲስ ነገር ያመጣሽ መስሎሽ ነበር። እኛ እዚህ በየሳምንቱ ቀብር ላይ እናየዋለን።

ከያንዳንዱ ድንጋይ ቁራጭ ይዘሽ ሄድሽ፤ ትልልቁን በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፈሽበት በጆንያ አስቀመጥሽ። አሥራ አንድ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሽማግሌዎቹን መልክ ይዞ ተገኘ። ፈታኞችሽ ደግሞ «ይኼ አይታመንም፤ ከዚያው ድንጋይ ሌላ ቁራጭ ይምጣና እንደገና ይመርመር» አሉ። የወሰድሽው ተፈጭቶ አልቋል። እስከ ሰኔ ካልመጣ ይሰረዛል፤ እሱ ከተሰረዘ የስድስት ዓመት ድካምሽ ወገቡ ይቆረጣል። በረሃ ወርዶ ሌላ ማንሣት ደግሞ አይቻልም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ይህን ሁሉ በስልክ ነግረሽኛል። የማይገባኝ ሰው አይደለሁም። ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩሽ።

አሁን የእናትሽን ልንገርሽ። ጳጉሜን ላይ ሆዷን ታመመች። በቃሬዛ ቡሬ አደረስናት፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ትሂድ ተባለ፤ መኪና አይንቀሳቀስም፤ አምስት ቀን ጠብቀን ይዘናት ተመለስን። «ንጋትን ጥሩልኝ» ትላለች። ኔትወርክ የለም እንላታለን። ጧትም ማታም ይህንኑ። በመጨረሻ እንዲህ ተባባልን፤

«ደወልክላት?»

«ደወልኩላት።»

«ምን አለች?»

«እየመጣሁ ነው አለች።»

«ድንጋዩን ጥላ?»

«ጥላ።»

ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሕመሟ አላወራችም። ጠጕሯን እንድትሠራት የባምላኩን ሚስት አስጠራች፤ ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ ብላ። ተሠርታ አደረች፤ በማግሥቱ ቀትር ላይ አረፈች። እስክታርፍ ድረስ ዓይኗ ከበሩ ላይ አልተነሣም ብለው ነገሩኝ። እንግዲህ ለእሷም ዋሽቻታለሁ ማለት ነው። እሷ ግን አምናኝ ሞተች።

መቃብሯ ላይ የተከመረው የማሳ ድንጋይ ነበር። የወፍጮ ጠራቢ ሚስት በማሳ ድንጋይ ሥር አትተኛም። ለአርባዋ ጥርብ ድንጋይ ላደርግላት ፈለግሁ። ድንጋይ የማወጣበት ቦታ ወንዙ ዳር ነው፤ መውረድ አልቻልኩም። ቤት ውስጥ ያለው ድንጋይ ያንቺ ብቻ ነበር። ጆንያሽን ፈታሁ። ስምንት ቀን ወቀርኳቸው። ፊታቸውን አስተካከልኩ፣ ጠርዛቸውን ቀጠቀጥኩ፣ ወገን ከወገን አጋጠምኩ። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በነጭ ቀለም የጻፍሽውን ቁጥር ሁሉ ሆን ብዬ በመውቀሪያዬ አነሣሁት። በንዴት ነው ያነሣሁት። ይጻፉ አባ፦ በንዴት።

አባ ሀብተሚካኤል አልጻፉም። «እንዲህ ነው፣ አያ ረዳ?»

«እንዲህ ነው።»

«እኔ እኮ አንድ ሁለት ቀን ከጎንህ ተቀምጬ ነበር።»

«ነበሩ። ይጻፉ።»

ጻፉ።

ምሥራቅ ትመለሳለች ሲባል ልኬ አስጠራኋት። ዓርብ ዕለት ከእሷና ከአባ ሀብተሚካኤል ጋር ደብሩ ሄድን። የሙት ድንጋይ ማንሣት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። አባ ሀብተሚካኤልም መጀመሪያ እምቢ ብለውኝ ነበር፤ ድንጋዩ የልጅቱ አደራ ነው፣ አደራ በልቼ ነው የደረደርኩት ስላቸው ፍትሐት አድርገው ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያውን እንዳላላሁ አጎትሽ ባምላኩ ዱላውን እየጎተተ መጣ።

«የእህቴን ራስጌ ትነቅላለህ?»

«እነቅላለሁ።»

«ምን ሆነህ?»

«ልጇ ጠየቀችኝ።»

«ልጇ? ለቀብሯ ያልደረሰችው?»

«ያልደረሰችው እኔ ስላልነገርኳት ነው። አንተም ሳትነግራት ሰባት ወር አጎቷ ሆነህ ከርመሃል። ዱላህን ማሳረፍ ከፈለግህ እኔ ላይ አሳርፈው።»

አላሳረፈውም። ተፋና ሄደ። ከዓርብ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። የቤቱን እሳት የምታነድልኝ ሚስቱ ነበረች፤ እሷም ቀርታለች።

አሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ ይዤ መረመርኩ። ክብደቱን በእጄ፣ ድምፁን በመዶሻ፣ ሸካራነቱን በአውራ ጣቴ። የአሥራ ሰባቱን ቦታ ተናግሬአለሁ፤ ይኼ ከወንዙ ዳር ከተሰበረው ገደል፣ ይኼ አህያዋ ከወደቀችበት ቁልቁለት እያልኩ። አባ ሀብተሚካኤል በሌላ ወረቀት አስፍረውልሻል። በነዚያ አልጠራጠርም። ማንም ሊቅ መጥቶ ይከራከረኝ።

ያልታወቁኝ ሁለት ናቸው። አሥራ አንድና አሥራ ሁለት፤ ከእናትሽ ራስጌ በቀኝና በግራ የነበሩት።

ታስታውሻለሽ፤ ካንድ ፈፋ ከግራና ከቀኝ ነው ያነሣናቸው። አንቺ መንታ ናቸው ብለሽ ነበር። እኔ አይደሉም አልኩሽ፤ በግራው ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ አልኩሽ። ማጉያ መነጽርሽን አውጥተሽ ብዙ ካየሽ በኋላ «አባዬ፣ ዓይንዎ ከኔ መነጽር ይበልጣል» አልሽኝ። የግራውን አሥራ አንድ ብለሽ ጻፍሽበት። ክብደታቸው አንድ ነው። ድምፃቸው አንድ ነው። ሸካራነታቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ያ አረንጓዴ ብቻ ነበር፤ እጅ ደግሞ አረንጓዴ አያውቅም።

አባ ሀብተሚካኤል ፀሐይ ላይ አውጥተው አዩዋቸው። «ሁለቱም ጥቁር ድንጋይ ናቸው» አሉ። ምሥራቅ በስልኳ መብራት አየቻቸው፤ «ሁለቱም ላይ ያለ ይመስለኛል» አለች። ድንጋይ ለማየት ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ዕውቀት ይፈልጋል። እነሱ ዓይኑ አላቸው፣ ዕውቀቱ የላቸውም።

«አንተስ?» አሉኝ አባ ሀብተሚካኤል። ሁለቱን ድንጋዮች ተቀብዬ እንደገና በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው።

ምሥራቅ ብልህ ልጅ ናት። «ሁለቱንም ልውሰድላት፤ ትፍጫቸውና ከበፊቱ ውጤት ጋር የሚስማማውን አሥራ አንድ ትበለው» አለች። እኔ ግን በረሃ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም፤ የድንጋዩን መልስ አስቀድመሽ አትወስኚለትም። የተጠረጠረው የበፊቱ ውጤት ነው፤ በተጠረጠረው ነገር ድንጋዩን መርጠሽ፣ በመረጥሽው ድንጋይ ደግሞ የተጠረጠረውን ልታጸድቂ ነው። እንደዚያ ያለ ችሎት እዚህም አገር አለ፤ ማንም አያከብረውም።

ሰውነት ደግሞ ጠጋ ብሎ «አጎቴ፣ አሥራ አንድ ከራስጌዋ በቀኝ የነበረው ነው በላትና ይለቅ» አለኝ። «ማን ያውቅብሃል? አንተ ካልክ ታምንሃለች።»

ታምነኛለሽ። ጉዱ እሱ ነው። አስካለ በሩን እያየች ሞተች፣ እየመጣች ነው ስላልኳት። አንቺ ተኝታለች ስልሽ አይቀስቅሷት አልሽኝ። ያልኩትን ሁሉ የምታምኑ ሁለት ሰዎች ነበሩኝ፤ ሁለታችሁንም አታለልኩ። አሁን ደግሞ የቀኙ ነው ብልሽ፣ አንቺ በዚያ ላይ ወረቀትሽን ትጽፊያለሽ፣ ሌላው ያንቺን አይቶ የራሱን ይጽፋል፣ የአንድ ሽማግሌ ውሸት የምድር ታሪክ ሆኖ ይቀራል። አልልም። ከእንግዲህ አልዋሽም።

አባ ሀብተሚካኤል እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ አስተኙት። «እንግዲያው ከላይ ያለውን ልሰርዘው፣ አያ ረዳ?»

«የቱን?»

«በንዴት የሚለውን።»

ሻይ አምጥተውልኝ ቀዘቀዘ።

አይሰረዝ። ያልኩትን ትየው። ከሥሩ ግን ይህን ይጻፉበት፤

ቁጥሩን በንዴት አላነሣሁትም። አላየሁትም።

ከበረሃ በተመለስን ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ ዓይኔ መሄድ ጀመረ። አሁን ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች እለያለሁ፤ ሌላ የለም። ጆንያሽን ስፈታ ቁጥር እንዳለበት እንኳ ረስቼ ነበር፤ እናትሽን እያሰብኩ ነበር። ወንዙ ዳር መውረድ ያቃተኝም ለዚሁ ነው። ቀለሙን ከአቧራው ጋር ጠርጌ ጥዬዋለሁ። አባ ሀብተሚካኤል ከጎኔ ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ ሳላይ እንደምሠራ ገብቷቸው፣ እንዳያሳፍሩኝ ዝም አሉ። ስለ ቁጥሩ እሳቸውም አላወቁም።

የምታውቀው እናትሽ ብቻ ነበረች። ወፍጮ ለመውቀር ስጠራ እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር፤ ሰው ካለበት ስንደርስ ትለቀኝና አንድ እርምጃ ቀድማ እየሳለች ትሄዳለች፤ ሳሏን እየሰማሁ እከተላታለሁ። ሰው ሁሉ ረዳ ሚስቱን አስቀድሞ መሄድ ጀመረ እያለ ይስቅ ነበር። ከዓመት በላይ እንዲህ አደረግን። ለንጋት ልንገራት ስትለኝ አስማልኳት፤ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ሞቷንም የደበቅሁሽ፣ ከላይ ሙሉው አይደለም ያልኩት ምክንያት፣ መጥተሽ ዓይኔን አይተሽ ማን ይመራዎታል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ነው። ይኸው። አሁን ሙሉ ሆነ።

ሁለቱን ድንጋዮች ምሥራቅ ይዛልሻለች። ከራስጌዋ በቀኝ የነበረው ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ በግራ የነበረው ላይ ነጭ። የቀሩትን አሥራ ሰባት አልሰጥሽም፤ የእናትሽ ናቸው። የሁለቱን ቦታ ሌላ ድንጋይ አላስገባሁበትም፤ አላስገባበትምም። ለፈታኞችሽ እንዲህ በያቸው፤ አሥራ አንድ ቁጥር ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው፣ የቱ እንደሆነ ግን አይታወቅም፣ ያቀላቀለው አባቴ ነው፣ አባቴ ዕውር ነው። ልክ እንደዚሁ በያቸው። ታመመ፣ ደከመ፣ አረጀ አትበያቸው። ከዚህ በኋላ ወረቀትሽን ከጣሉትም በእውነት ይጣሉት።

ነይ አላልኩሽም። አትምጪም አላልኩሽም። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የእናትሽ ጸሎት ከፊትሽ ይሂድ። የረገጥሽው ድንጋይ አይክዳሽ። ወልደሽ ያገርሽን ስም የምትሰጪው ልጅ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ምርቃት እችላለሁ፤ ከምርቃት ሌላ ደግሞ አባት ለበደላት ልጁ የሚለው ቃል እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ብሎ ለማያውቅ አፍ ያስቸግራል።

አባትሽ
ረዳ ቂርቆስ

ፊርማ ስለሌለው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክሬ፣ እጁን ይዤ ከስሙ ላይ ያሳረፍኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የታተመበትን ቦታ በሌላው እጁ እየዳሰሰ «ቀጥ ብሏል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ብሏል አልኩት።
ቄስ ሀብተሚካኤል